ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ፤ የወፎች ሠዓሊ

በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ፊልድ የሚባል ታላቅ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር አለ። በዚህ ቤተ መዘክር ከሚጠበቁት ሥዕሎች መካከል ከመቶ የሚበልጡት የኢትዮጵያ ወፎችና አራዊት ናቸው፤ የተሣሉትም በዚሁ በአገራችን ምድር፥ በበቅሎ ጉዞ መካከል፥ በድንኳን ውስጥ ነው። ሠዓሊው ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ይባላል። በአገሩ ስሙ የታወቀ ሲሆን በእኛ ዘንድ ግን ይህ ሰው ኢትዮጵያን የረገጠ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ የበዓል መጽሔታችን ላይ ታሪኩን ባጭሩ ለመጻፍ ወደድሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልኝ እለምናለሁ።

ፉዌርቴስ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1874 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር፥ በካዩጋ ሐይቅ ጫፍ ባለችው በኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኤስቴቫን ፉዌርቴስ የፖርቶ ሪኮ ተወላጅ ሲሆን በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ትምህርትን የሚመራ መምህር ነበረ። ሕፃኑ ሊወለድ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ሉዊ አጋሲዝ የተባለው ዝነኛ የተፈጥሮ ሊቅ ዐርፎ ነበርና ወላጆቹ የሟቹን ሊቅ ስም ለልጃቸው አወጡለት። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለው የእኛ አባባል በዚህ ልጅ ላይ የደረሰ ይመስላል።

ገና ትንሽ ልጅ ሳለ አንድ ቀን ከነሕይወቷ የያዛትን ጉጉት ወደ ቤት አምጥቶ በማድ ቤቱ ጠረጴዛ እግር ላይ አሰራት። በእኛ አገር ቢሆን ጉጉት ወደ ቤት ያስገባ ልጅ ምን እንደሚደርስበት ሁላችን እናውቃለን። ወላጆቹ ግን የልጁን ዝንባሌ አስተውለው በከተማው ቤተ መጻሕፍት የነበረውን የኦዱቦንን ታላቅ የወፍ መጽሐፍ እንዲያይ አደረጉት። ይህ መጽሐፍ ከ1827 እስከ 1838 ዓ.ም. የታተመ፥ 435 ሥዕሎች ያሉት፥ የአሜሪካን ወፎች ሁሉ በእውነተኛ ቁመታቸው የሚያሳይ ነው፤ ትልቁን ወፍ ለማግባት ሲባል ገጹ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ የሰፋ ነበረ። ልጁም እየተመላለሰ ከዚህ መጽሐፍ ፊት ይቀመጥ ጀመር። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነው መንቁሩ እንደ መቀስ የተጠላለፈ አንድ ቀይ ወፍ አግኝቶ በቀለም ሣለው፤ የወፍ ሠዓሊነቱም ከዚያን ጊዜ ይቈጠራል።

በ1892 ዓ.ም. ከወላጆቹ ጋር ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በፓሪስ የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ ሲሥል ሰነበተ፤ በዙሪክም ጥቂት ጊዜ ተማረ። አባቱ ልጁ በእርሱ ሙያ እንዲተካ ይመኝ ነበር። ወፍ በመሣል እንጀራ ይገኛል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረምና የአባትየው ሥጋት የሚነቀፍ አይደለም። ፉዌርቴስ በ1893 ዓ.ም. ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዕድሉን የከፈተለት ግን የክፍል ትምህርቱ ሳይሆን ድምፁ ነው። በዩኒቨርሲቲው የዘፈን ማኅበር ውስጥ ይዘፍን ነበርና በ1894 ዓ.ም. ማኅበሩ ወደ ዋሺንግተን ሲሄድ አብሮት የሚዘፍን አንድ ጓደኛው ከአጎቱ ጋር አገናኘው። አጎትየው ኤሊየት ካውዝ ይባላል፤ በጊዜው በአሜሪካ ከነበሩት የወፍ ሊቃውንት ሁሉ ቀዳሚ ከሚባሉት አንዱ ነበረ። ካውዝ የተማሪውን ሥዕሎች እንዳየ ተደነቀ፤ በሚመጣውም ዓመት በወፍ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ አሳየለት። ከዚያ በኋላ ሥራ ይፈልገው ጀመር እንጂ እርሱ ሥራ አልፈለገም። በ1897 ዓ.ም. ትምህርቱን በፈጸመበት ዓመት ለልጆች የተጻፈ አንድ የወፍ መጽሐፍ ከ111 ሥዕሎቹ ጋር ታተመ።

በዚህ ጊዜ አቦት ቴየር የሚባል ሠዓሊ አስተማሪ ሆነለት። ቴየር እንግዳ ጠባይ ያለው፥ በክረምት በረዶ ውስጥ መኖር የሚወድ ሰው ነበረ ይባላል። ያስተማረው ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ፀሐይ ከላይ ስለምታበራ የማናቸውም ነገር ጀርባ ይበራል፥ ሆዱ ይጠቍራል፤ ቅርጹንም የምናየው በዚህ ልዩነት ነው። ብዙ ወፎችና አራዊት ግን በተቃራኒው ጀርባቸው ጠቆር ያለ፥ ሆዳቸው ነጣ ያለ ነው። ስለዚህ ብርሃኑና ቀለሙ እርስ በርሳቸው ይሻሻራሉ፤ እንስሳውም ጠፍጣፋ መስሎ ከበስተኋላው ካለው ነገር ጋር ይቀላቀላል። ቴየር ይህን ምስጢር በ1896 ዓ.ም. በጽሑፍ ገለጸ። አንባቢ ሆይ፥ ቆቅ በሣር ውስጥ ከእግርህ ሥር ብርር ብላ እስክታስደነግጥህ ድረስ ያላየሃት ስለ ምን እንደ ሆነ ይህ ያስረዳሃል።

እንግዲህ የፉዌርቴስ ችግር እዚህ ላይ ነበር። መምህሩ ወፉን ከቅጠሉና ከጥላው ጋር አዋሕዶ እንዲሥል ያስተምረዋል፤ ሥራ የሚሰጡት ሊቃውንትና አሳታሚዎች ደግሞ ወፉ ከሩቅ ተለይቶ እንዲታይ፥ እያንዳንዱ ምልክት እንዲቈጠር ይፈልጋሉ፤ እንዲያውም አራትና አምስት ዐይነት ወፍ በአንድ ገጽ ላይ እንዲሰበስብ ያዙታል። ፉዌርቴስ አብዛኛውን ዕድሜውን ለአሳታሚዎቹ ሠራ። የኒው ዮርክን ወፎች፥ የማሳቹሴትስን ወፎች፥ ሌሎችንም ብዙ መጻሕፍት በሥዕል ሞላ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ትልቅነቱ የሚታየው በተጨናነቁት የመጽሐፍ ገጾች ላይ ሳይሆን አንድ ወፍ ብቻውን ይዞ በሣላቸው ትንንሽ ወረቀቶች ላይ ነው።

የአሠራሩ ልማድ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ ሕያዉን ወፍ ረጅም ጊዜ ቆሞ ይመለከታል፤ እንዴት እንደሚቆም፥ ሲፈራ አንገቱን እንዴት እንደሚያሰግግ፥ ላባውን በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚነፋ ያጠናል። የወፎችን ድምፅ በፉጨት አስመስሎ እየጠራ ወደ እርሱ ያቀርባቸው ነበር። ከዚያም በእርሳስ ፈጥኖ ይነድፋል። ከዚህ በኋላ ወፉን በጠበንጃ ይጥለዋል። ገና ትኵስ ሳለ በእጁ ይዞ ላባውን እያስተካከለ ሲመለከት በአጠገቡ የሚሆነውን ነገር ሁሉ እንደሚረሳ፥ ቢጠሩትም እንደማይሰማ የጉዞ ጓደኛው ፍራንክ ቻፕማን መስክሯል። የሚያስቸኵለው ምክንያት አለ፤ የወፍ ላባ ብዙ ዘመን ይቆያል እንጂ የዓይኑ፥ የመንቁሩ፥ የእግሩና የተራቈተ ቆዳው ቀለም ወፉ ከሞተ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይለወጣል። በቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ቆዳ ይህን ቀለም አይናገርም። ስለዚህ ፉዌርቴስ በዚያች አጭር ሰዓት ቀለሙን በወረቀት ላይ ያሳርፋል፤ ከዚያም ወፉን ገፍፎ፥ ስፍራውንና ቀኑን ጽፎ ያስቀምጠዋል። በዚህ ሁኔታ የሰበሰባቸው በሺህ የሚቈጠሩ የወፍ ቆዳዎች ኋላ ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ደረሱ።

ይህን ሳነብ ልቤ በሁለት ሐሳብ ተከፈለ። እኛ በልጅነታችን በወንጭፍ ወፍ ስንመታ ታላላቆቻችን ይቈጡን ነበር፤ ታዲያ በሺህ የሚቈጠር ወፍ የገደለ ሰው እንዴት የወፍ ወዳጅ ይባላል? ለዚህ የሚሰጠው መልስ በዘመኑ እንደ ዛሬው ጥሩ መነጽርና ካሜራ ስላልነበረ ወፍን በእጅ ሳይይዙ ዐይነቱን ለይቶ ማወቅ አይቻልም ነበር የሚል ነው። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ አያሳርፍም። ፉዌርቴስ ራሱ ነገሩን አልደበቀም፤ ጠበንጃና ብሩሽ በአንድ ሻንጣ ይዞ ይጓዝ ነበር። የሆነ ሆኖ በዚያ ዘመን ወፎችን ያጠፋ የነበረው የሊቃውንት ጠበንጃ እንዳልነበረ ማወቅ ይገባል።

የአጥፊው ስም ባርኔጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ የወይዛዝርት ባርኔጣ በወፍ ላባ፥ አንዳንድ ጊዜም በሙሉ ወፍ ይጌጥ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው ነጭ ሳቢሳ በመራቢያው ወራት የሚያበቅለው ረጅም ላባ ስለ ሆነ አዳኞች ወፎቹን ጎጆ ላይ ሳሉ ይገድሏቸዋል፤ ጫጩቶቹም በረኃብ ያልቃሉ። በ1896 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ ሀሪየት ሄመንዌይና ሚና ሆል የሚባሉ ሁለት ወይዛዝርት ወዳጆቻቸውን አስተባብረው ላባ ያለው ባርኔጣ ላለማድረግ ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም በኦዱቦን ስም ተጠራ፤ በሌሎቹም ክፍላተ ሀገር እንደዚሁ ያሉ ማኅበሮች ተነሡ። የፉዌርቴስ ወዳጅ ቻፕማን ደግሞ በ1900 ዓ.ም. በልደት በዓል ቀን ወፍ ለማደን መወዳደር ልማድ የነበረውን ለውጦ ወፎችን መቍጠር ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በመጀመሪያው ቈጠራ 27 ሰዎች ተካፈሉ። በዚሁ ዓመት በግፍ የተገደሉ አራዊትንና ወፎችን ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር መነገድን የሚከለክል ሕግ ወጣ። ይሁን እንጂ ለአንዳንዶቹ ጊዜው አልፎ ነበር። በአንድ ወቅት ሲበር ሰማዩን ያጨልም የነበረው የአሜሪካ ተጓዥ ርግብ የመጨረሻዋ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በሲንሲናቲ የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ ሞተች።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የፉዌርቴስ ድርሻ ሕግ ማውጣት ወይም ንግግር ማድረግ አልነበረም፤ ማሳየት ነበር። የኦዱቦን ማኅበሮች ለትምህርት ቤት ልጆች በሚያድሏቸው ወረቀቶች ላይ የእርሱ ሥዕሎች ይወጡ ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሶዳው ነገር ነው። አርም ኤንድ ሐመር የሚባለውን የዳቦ ሶዳ የሚያመርተው ኩባንያ በየሣጥኑ ውስጥ አንዳንድ ትንሽ ካርድ ይጨምር ነበር። በካርዱ አንድ ገጽ ፉዌርቴስ የሣለው ወፍ አለ፤ በሌላው ገጽ ወፉ ምን ያህል ተባይ እየበላ ለገበሬ እንደሚጠቅምና ወፎችን ማጥፋት እንደማይገባ ተጽፏል። ቤተ መዘክር ገብተው የማያውቁ፥ ውድ መጽሐፍ መግዛት የማይችሉ የገበሬ ልጆች እናታቸው ዳቦ በጋገረች ቍጥር አዲስ ካርድ ለማግኘት ይሻሙ ነበር። ካርዶቹን ሰብስበው ያስቀመጡ ብዙዎች ናቸው።

ፉዌርቴስ በ1899 ዓ.ም. ሀሪማን የተባለው የምድር ባቡር ባለጸጋ ባዘጋጀው የመርከብ ጉዞ ወደ አላስካ ሄደ፤ በ1904 ዓ.ም. ማርጋሬት ሰምነርን አገባ፤ ሁለት ልጆችም ወለዱ። ከቻፕማን ጋር በባሃማ ደሴቶች፥ በካናዳ፥ በሜክሲኮና ሁለት ጊዜ በኮሎምቢያ ተዘዋወረ። በኋላም በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስለ ወፎች ያስተምር ነበር። ምክር ለሚጠይቁት ወጣቶች ጊዜውን አይሰስትም፤ ጆርጅ ሳተን ለሚባል ልጅ የጻፈለት ረጃጅም ደብዳቤዎች ሳተን ራሱ ስመ ጥር የወፍ ሠዓሊና ሊቅ ከሆነ በኋላ በ1979 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታትመዋል።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንመለስ። በ1926 ዓ.ም. የቺካጎው ፊልድ ቤተ መዘክርና ቺካጎ ዴይሊ ኒውስ የተባለው ጋዜጣ ተባብረው አምስት ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ላኩ። መሪው የእንስሳት ሊቅ የሆነው ዊልፍሬድ ኦዝጉድ ነበረ፤ አልፍሬድ ቤይሊ፥ ሳይደም ከቲንግና ጃክ ባም የሚባል ጋዜጠኛም ነበሩ። ፉዌርቴስ ዕድሜው 52 ዓመት ነበር። በጅቡቲ በኩል በምድር ባቡር አዲስ አበባ ገቡ። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና የመንግሥት እንደራሴ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ መንገደኞቹን ተቀብለው በአገሩ እንዲዘዋወሩ ፈቀዱላቸው። ጓዛቸውን በበቅሎ ጭነው በመጀመሪያ ወደ አርሲ ከፍተኛ ቦታዎች፥ በኋላም ወደ ጎጃም፥ ወደ ጣና ሐይቅና ወደ ጎንደር ተጓዙ።

ለአንድ የወፍ ሠዓሊ የእኛ ደጋ ምን እንደሚመስለው መገመት አያስቸግርም። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምናያቸው የማንገረምባቸው ወፎች ለእርሱ ዐዲስ ነበሩ። በመንደር አጠገብ ሰው ሳይፈራ የሚመላለሰው ወፍራም መንቁር ያለው ቁራ፥ በሜዳ ላይ እንደ ሽማግሌ እየተራመደ የሚሄደው እርኩም፥ አጥንት ከሰማይ ላይ ጥሎ በድንጋይ የሚሰብረው ትልቁ አሞራ፥ እነዚህ ሁሉ ከድንኳኑ ደጅ ይታያሉ። እርኩምን እንመልከት። ላባው ጥቁር ነው፤ በዓይኑ ዙሪያና በአንገቱ ላይ ግን ላባ የሌለው ሰማያዊ ቆዳ አለው፤ የወንዱ አንገት ቀይም ይጨመርበታል። ወፉ ሲሞት ይህ ቀለም ይጠወልግና ደረቅ ቆዳ ብቻ ይቀራል። ይህን ቀለም ከቦታው ላይ ይዞ ለመሄድ ብሩሽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፉዌርቴስ በዚህ ጉዞ ወፎችን ብቻ ሳይሆን ጭላዳንና ሌሎችንም አራዊት ሣለ።

በዚህ ጉዞ የተሣሉት ሥዕሎች ከሥራዎቹ ሁሉ የላቁ መሆናቸውን የሚያውቁ ሰዎች ይስማማሉ። ምክንያቱ ይመስለኛል፤ በኢትዮጵያ ሳለ አራት ወፍ በአንድ ገጽ አሰልፍ የሚለው አሳታሚ በአጠገቡ አልነበረም። ብርሃኑ ወፉ ላይ እንደ ወደቀ፥ እንዲሁ ሣለው። ሠላሳ ዓመት የለያያቸው የቴየር ትምህርትና የራሱ እጅ በዚህ የተገናኙ ይመስላሉ። ሐሳቡ ወደ አገሩ ሲመለስ እነዚህን ጥናቶች መሠረት አድርጎ ትልልቅ ሥዕሎችን ለመሥራት ነበር።

በ1927 ዓ.ም. በበጋ ወራት ኢታካ ገባ። በኦገስትም ከባለቤቱ ጋር በመኪና ታነርስቪል ወደምትባል ከተማ ሄዶ የኢትዮጵያን ሥዕሎች ለወዳጁ ለቻፕማን አሳየ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እያገላበጡ አብረው ተደሰቱ። ኦገስት 22 ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ዩናዲላ በምትባል ስፍራ መኪናው የባቡር ሐዲድ የሚያቋርጥበት መንገድ ደረሰ። በመንገዱ ዳር የነበረ ድርቆሽ እይታውን ከልሎት ነበርና የሚመጣውን ባቡር አላየም። ባቡሩ መኪናውን መታው፤ ፉዌርቴስ ወዲያው ሞተ፤ ባለቤቱም ክፉኛ ቈሰለች። ዕድሜው 53 ዓመት ነበር። መኪናው ተሰባብሮ ሳለ ሥዕሎቹን የያዘው ጥቅል ግን ከውስጡ ተወርውሮ ወደ ዳር ስለ ወደቀ አንድም ሳይጐዳ ተገኘ።

ከሥዕሎቹ መካከል 32ቱ በ1930 ዓ.ም. በፊልድ ቤተ መዘክር አማካይነት በአልበም ታተሙ። ኦዝጉድም በ1936 ዓ.ም. የሟቹን የጉዞ ማስታወሻ ከራሱ ጋር አስተባብሮ በመጽሐፍ አወጣ። በኢታካ በሐይቁ ዳር ወፎች የሚጠበቁበት ስፍራ በስሙ ተሰይሟል። አባቱም በዚያው በዩኒቨርሲቲው የከዋክብት መመልከቻ በስሙ አለውና የሁለቱ መታሰቢያ እንዳይደባለቅብን ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1911 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ተራሮች ላይ ከቻፕማን ባልደረቦች ጋር በተደረገው ጉዞ አንድ የማይታወቅ በቀቀን ተገኝቶ ነበር፤ ክንፉ ጥቁር ሰማያዊ፥ ትከሻው ቀይ፥ ሌላው አካሉ አረንጓዴ ነው። ቻፕማን በሚቀጥለው ዓመት በፉዌርቴስ ስም ሰየመው። ከዚያ በኋላ ይህ ወፍ ለዘጠና ዓመት ያህል በእርግጥ ያየው ሰው ጠፋ፤ ደኑም እየተመነጠረ ስለ ሄደ እንደ ተጓዡ ርግብ አልቋል ብለው ያሰቡ ነበሩ። በ2002 ዓ.ም. የኮሎምቢያ ወጣት ተመራማሪዎች በከፍተኛው ደን ውስጥ ጥቂት ወፎች በሕይወት አገኙ። ይህ በቀቀን በዛፍ ላይ የሚበቅለውን የተቀጽላ ፍሬ ይበላል፤ ጎጆውንም በአሮጌ ዛፍ ጕድጓድ ውስጥ ያደርጋል። አሮጌዎቹ ዛፎች ተቈርጠው ስላለቁ ተመራማሪዎቹ ከእንጨት ሣጥን እየሠሩ በቀሩት ዛፎች ላይ ሰቀሉለት፤ ወፎቹም ገብተው ፈለፈሉባቸው።